ሰንበቴ

ሰቆጣ ውስጥ እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሁሉም በቀጥታ ወደ ቤቱ አይሄድም። የሰንበቴ ማኅበርተኛ የሆነ ሰው ወደ ደጀ ሰላሙ ጎራ ይላል። ተረኛው ዳቦውንና ጠላውን አስቀድሞ አምጥቷል፤ ቄሱ ባርከው ይቆርሳሉ፤ ዋንጫው ይዞራል፤ ደጅ የቆመ ችግረኛም ድርሻ አለው።

ሰንበቴ ማለት ይኸው ነው፤ ድግሱም ማኅበሩም በአንድ ስም ይጠራሉ።

ሥሩ የግዕዙ «ሰንበት» ነው፤ የዕብራይስጡ «ሻባት» ዘመድ፣ ፍቺውም ሥራን መተው፣ ማረፍ። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜንም ጨምራ ሁለት ሰንበት ታከብራለች። የመነኩሴው የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ብዙ የተንገላቱበት፣ ቅዳሜ ይከበር አይከበር የሚለው ክርክር የተቋጨው እ.ኤ.አ. በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ በሰበሰቡት ጉባኤ ነው። ሰቆጣ ያለችበት የዋግ ኽምራ ደገኛ ቅዳሜ በሬ የማይጠምደውም ለዚሁ ነው።

ቃሉ ዘሩ ብዙ ነው። «እንደምን ሰነበቱ?» እና «ስንብት» ከዚያው ቤት የወጡ ናቸው፤ አማርኛ ቆይታንም መለያየትንም በሰንበት መለካቱ ደስ ይላል።

ሰንበቴን ከግብዣ የሚለየው ግን ተራው ነው። ሀብታምም ደሃም ወረፋው ሲደርስ ይደግሳል። የቀረ አባል ካለ «ምን ነካው?» ይባላል፤ ታሞ ከሆነ እዚያው ተነጋግረው ሊጠይቁት ይሄዳሉ።