ቤላ ጉትማን፦ በመዝገብና በእርግማን መካከል

ከየሀገሩ ታላላቅ የእግር ኳስ አሰልጣኞችን መርጦ የማወዳደር ክርክር በተነሣ ቁጥር ተከራካሪዎች የሚይዙት ሚዛን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው፦ የዋንጫ ብዛትና ዜግነት። በዚህ ሚዛን ጣሊያን በ1934 እና በ1938 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) የዓለምን ዋንጫ በተከታታይ ያነሣውን ቪቶሪዮ ፖዞን፣ እንግሊዝ ሀደርስፊልድንና አርሰናልን ለሻምፒዮንነት ያበቃውን ኸርበርት ቻፕማንን፣ ስኮትላንድ ደግሞ አሌክስ ፈርጉሰንን ብዙም ሳያመነቱ ያቀርባሉ። ሃንጋሪ ዘንድ ሲደረስ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ልማዱ በኅዳር 1953 እንግሊዝን ዌምብሌይ ላይ 6 ለ 3 የረታውን ቡድን የመራውን ጉስታቭ ሼበሽን መጥራት ነው። እኛ እዚህ የምንመረምረው ግን ቤላ ጉትማንን ነው፤ ምክንያቱም ከእርሱ ሕይወት ውስጥ በሰፊው የሚታወቀው ክፍል ማስረጃው እጅግ የሳሳው ሲሆን፣ በማስረጃ የጸናው ክፍል ደግሞ እምብዛም አይነገርም።

ጉትማን በ1899 ቡዳፔስት ውስጥ ዳንስ በማስተማር ከሚተዳደር የአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በኤም ቲ ኬ ክለብ የሃንጋሪ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1925 ከቪየናው ሃኮአህ ጋር የኦስትሪያን ሊግ አሸነፈ፤ ከዚያም ወደ ኒውዮርክ ተሻግሮ ለዓመታት ተጫወተ። ኤም ቲ ኬ እንግሊዛዊው ጂሚ ሆጋን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአጭር ቅብብልን ጨዋታ ያስተማረበት ክለብ እንደ መሆኑ፣ ጉትማን የቀሰመው ትምህርት ገና ከመነሻው የአንድ ሀገር ብቻ አልነበረም። በ1939 ኡይፔሽትን ይዞ የሃንጋሪን ሊግና የመካከለኛው አውሮፓን ክለቦች የሚያወዳድረውን የሚትሮፓ ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ዝም ይላል።

ይህ ዝምታ እስከ 1945 ይዘልቃል። ለረጅም ጊዜ ሲጻፍ የኖረው ጉትማን የጦርነቱን ዘመን ስዊዘርላንድ ውስጥ አሳለፈ የሚል ነበር። በየኖ ቻክናዲ ተጽፎ በ1964 የታተመው የሕይወት ታሪኩም፣ ባለታሪኩ በሕይወት እያለ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ እነዚያን ዓመታት በጥቂት ቃላት ያልፋቸዋል። በ2017 የታተመው የዴቪድ ቦልቾቨር ጥናት ግን ፍጹም ሌላ ታሪክ ያስነብበናል፦ ጉትማን መጀመሪያ ኡይፔሽት ውስጥ ከአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ተደብቆ ቆየ፣ በኋላ በግዳጅ ሥራ ካምፕ ታሰረ፣ በ1944 መጨረሻም ከሌላው ታላቅ አሰልጣኝ ከኤርኖ ኤርብሽታይን ጋር አመለጠ፤ አባቱና እህቱ ግን በአይሁድ ላይ ከተፈጸመው የናዚዎች ጭፍጨፋ አልተረፉም። (ኤርብሽታይን ከጦርነቱ በኋላ የጣሊያኑን ቶሪኖ ታላቅ ቡድን ሲመራ ቆይቶ፣ ግንቦት 4 ቀን 1949 በሱፔርጋ ኮረብታ በደረሰው የአውሮፕላን አደጋ ከተጫዋቾቹ ጋር ሞተ።) ሁለቱን ትረካዎች ስንመዝን የኋለኛውን እንቀበላለን። ባለታሪኩ ሊናገረው ያልፈለገውን ነገር የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ አለመጻፉ፣ ነገሩ አለመፈጸሙን አያስረዳምና። ፖዞ በሙሶሊኒ መንግሥት ድጋፍ በሀገሩ የተዘጋጀውን የዓለም ዋንጫ ሲያነሣ፣ ጉትማን ደግሞ ለአንድ አሰልጣኝ የብስለት ዘመን የሆኑትን፣ ከአርባ እስከ አርባ ስድስት ያሉትን ዓመታት፣ ነፍሱን ለማትረፍ ሲል አጥቷል። ዋንጫ ቆጥሮ ማወዳደር ይህን ልዩነት ፈጽሞ አያሳይም።

ከጦርነቱ በኋላ ያሉት ዓመታት በስንብትና በጠብ የተሞሉ ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚተረከው በኪሽፔሽት የሆነው ነው። ቡድኑ ከጂዮር ጋር ሲጫወት ጉትማን በአንድ ተከላካይ ተቆጥቶ፣ በጎዶሎ ብንጫወትም ይሻላል ብሎ፣ ከእረፍት በኋላ እንዳይገባ አዘዘው፤ ወጣቱ ፌሬንች ፑሽካሽ ግን ተከላካዩን ግባ አለው፤ ተከላካዩም ገባ። አሰልጣኙ ወደ ተመልካች መቀመጫ ወጥቶ የፈረስ እሽቅድምድም ጋዜጣ ሲያነብ ቆየ፤ ጨዋታው ሲያልቅም በትራም ተሳፍሮ ሄደ፣ ዳግመኛም አልተመለሰም ይባላል። ጋዜጣው የተራኪዎች ማጣፈጫ ሊሆን ይችላል፤ መልቀቁ ግን የተረጋገጠ ነው። በሚላን የደረሰበት ለእኛ ክርክር ይበልጥ ይጠቅማል። በ1955 ቡድኑ ሊጉን እየመራ ሳለ ተሰናበተ፤ ዋንጫው የተመዘገበው ቀሪውን ግማሽ ለመራው ለሄክቶር ፑሪቼሊ ነው። መዝገቡ አልዋሸም፤ ነገር ግን ሥራው የሁለት ሰው ሆኖ ሳለ የያዘው አንድ ስም ብቻ ነው።

በ1957 ከሆንቬድ ቡድን ጋር ለጉብኝት ብራዚል የደረሰው ጉትማን እዚያው ቀርቶ በዚያው ዓመት ሳኦ ፓውሎን የክፍለ ሀገሩ ሻምፒዮን አደረገ። የ4-2-4ን አሰላለፍ ለብራዚል ያስተማረው እርሱ ነው፣ በ1958 ብራዚልን ለዓለም ዋንጫ ያበቃው ቪሴንቴ ፌዮላም በሳኦ ፓውሎ አብሮት ሠርቷልና ከእርሱ ተማረ የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ነው። ይህን አባባል እንዳለ መቀበል ያስቸግራል። ፓራጓያዊው ፍሌይታስ ሶሊች በፍላሜንጎ ከ1953 ጀምሮ ሦስት ተከታታይ ዋንጫዎችን ሲያነሣ ለዚሁ የቀረበ አሰላለፍ ይጠቀም ነበር፤ ከዚያም በፊት በ1937 ሌላው ሃንጋሪያዊ ዶሪ ኪርሽነር በዚያው ክለብ የአውሮፓን ስልት ዘርቷል። ስለዚህ ጉትማን የነበረውን አጸና እንጂ ያልነበረውን አላመጣም ብንል ለእውነት የቀረብን ይመስለናል። የሃንጋሪ አሰልጣኞች ፍልሰት አፍሪካንም የነካ ነው፦ በ1959 ግብፅ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው በፓል ቲትኮሽ አሰልጣኝነት ሲሆን፣ በጥር 1962 አዲስ አበባ ላይ በይድነቃቸው ተሰማ የሚመራው የኢትዮጵያ ቡድን 4 ለ 2 አሸንፎ ያን ዘውድ ወሰደባት።

የጉትማን ከፍታ ያለ ጥርጥር ሊዝበን ነው። ፖርቶን በ1959 ሻምፒዮን አድርጎ ወደ ተቀናቃኙ ቤንፊካ ተሻገረ፤ ሁለት የሊግ ዋንጫም አከታትሎ ወሰደ። በግንቦት 1961 በአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ በበርን ከተማ ባርሴሎናን 3 ለ 2 ሲረታ ኮከቡ አጥቂ ኢዩሴቢዮ ገና አልተሰለፈም ነበርና፣ የጉትማን ስኬት ሁሉ የአንድ ተጫዋች ስጦታ ነው የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይወድቃል። ለባርሴሎና ግብ ያስቆጠሩት ኮቺሽና ዚቦር፣ በዚያው ስታዲየም በ1954 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በሼበሽ ሥር በዚያው ውጤት የተሸነፉ ሃንጋሪያውያን ናቸው። በግንቦት 1962 አምስተርዳም ላይ በተደረገው የዚያው ዋንጫ ፍጻሜ ደግሞ ፑሽካሽ ለሪያል ማድሪድ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ሦስት ግብ አስቆጠረ፤ ቤንፊካም 3 ለ 2 እየተመራ ለእረፍት ወጣ። በብዙዎች ትረካ ጉትማን በእረፍቱ የወሰነው የራሱ ተጫዋች ካቬም የማድሪዱን ዲ ስቴፋኖን እንዳይለቀው ነበር። ምንጩ ወደ ዲ ስቴፋኖ እግር ሳይደርስ ሲደርቅ ፑሽካሽም ኳስ አጣ፤ ቤንፊካ ሦስት ግብ አክሎ፣ ሁለቱንም ኢዩሴቢዮ አስቆጥሮ፣ ጨዋታው 5 ለ 3 አለቀ።

እርግማኑ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጉትማን የደሞዝ ጭማሪ ጠይቆ ተከልክሎ፣ ቤንፊካ ለመቶ ዓመት የአውሮፓ ሻምፒዮን አይሆንም ብሎ ረግሞ ወጣ ይባላል። በሌላ ትረካ ደግሞ ቃሉ ስለ አንድ ክለብ ብቻ ሳይሆን ስለ ፖርቱጋል ክለቦች ሁሉ ነበር፤ የቃሉ አለመስማማት ብቻውን ያስጠረጥራል። ከዚህ የሚከብደው ማስረጃ ግን በ1965 ክለቡ ያንኑ ሰው መልሶ መቅጠሩ ነው። ተረጋሚ ረጋሚውን በክፍያ ጠርቶ ያስገባል ብሎ ማመን ይከብዳል። በመጋቢት 1966 ማንቸስተር ዩናይትድ ሊዝበን ላይ 5 ለ 1 ሲያሸንፍም በቤንፊካ በኩል የተቀመጠው ራሱ ጉትማን ነበር። በ1990 ቤንፊካ የደረሰበት የፍጻሜ ጨዋታ ቪየና ላይ ሲደረግ ኢዩሴቢዮ እዚያ ወዳለው የጉትማን መቃብር ሄዶ መጸለዩ የእምነቱን ጥንካሬ ያስረዳል እንጂ የእርግማኑን ቃል አያረጋግጥም።

በጉትማን ላይ የሚቀርበው ጠንካራ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ በአንድ ቦታ ከሦስት ዓመት በላይ አይቆይም፣ ስለዚህ ጸንቶ የሚቆይ ነገር አላቆመም የሚለው። በኪሽፔሽትና በሚላን ተቃውሞው ልክ ነው። በሊዝበን ግን አይጸናም፤ ቤንፊካ በ1963 በቺሊያዊው ፌርናንዶ ሪዬራ፣ በ1965 በኤሌክ ሽዋርትዝ እየተመራ ለፍጻሜ ሲደርስ የቡድኑ አከርካሪ ጉትማን ያደራጀው ነበርና፣ ለእርግማኑ ምስክር ተደርገው የሚቆጠሩት ሽንፈቶች ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሥራው ምስክሮች ናቸው። ሼበሽ በመንግሥት ሥልጣን ታግዞ የሀገሩን ምርጦች በአንድ የጦር ሠራዊት ክለብ ለማሰባሰብ የቻለ ሰው ነበር፤ ጉትማን ይህ ዕድል አንድም ጊዜ አልገጠመውም። በሃንጋሪ ስም አንድ አሰልጣኝ ብቻ ይመዝገብ ከተባለ፣ የዌምብሌይን ክብር ሳንቀንስ፣ ጉትማንን እናስቀድማለን።