እንግዳው የባለቤቱን እግር ሲያጥብ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። በጎጃም ገጠር መሽቶበት ደጅ የቆመ መንገደኛ ምን ይደረግለታል? «ቤቶች!» ይላል፤ «ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ» ይባላል። መደብ ላይ ይቀመጣል፣ ውሃ ይሞቅለታል፣ ከቤቱ ልጆች አንዱ ጎንበስ ብሎ እግሩን ያጥበዋል፤ አጥቦ ሲጨርስም እግሩን ይስማል። የአባቶች ወግ ነው። እኔ የማወራችሁ ግን ይህ ወግ ስለተገለበጠበት ቀን ነው።

አገሩን ታውቁታላችሁ። ከደምበጫ ተነሥታችሁ፣ ፍኖተ ሰላምን አልፋችሁ ቡሬ እስክትገቡ ግራና ቀኙ በቆሎ፣ በርበሬና ጤፍ ነው። አፈሩ ቀይ ነው፤ ክረምት ሲገባ እንደ ማር እግር ላይ ይጣበቃል። አብልቶ የሚያሳድር አፈር ነው፤ እግር የሚያሳብጠውም እሱው ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ዕድሜ ልካቸውን በባዶ እግራቸው ከሚሄዱት መካከል፣ በዘር የተጋለጡት እግራቸው ቀስ በቀስ ያብጣል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ይጓጉላል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ይኸኛው ዓይነት ትንኝ የሚያመጣው አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ነገሩን ከአፈሩ ጋር አያይዞ አጥብቆ የመረመረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው፤ እሱም ከባሕር ማዶ መጥቶ በአገራችን የሠራ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ቤት ለቤት ቢቆጥር፣ ዕድሜያቸው 15 ከሞላቸው ሰዎች ከ100ው ከ3 በላይ የሚሆኑት ታመው ተገኙ። አነሰ የሚል ካለ በሚያስቀድስበት ደብር በእሑድ የሚቆመውን ሰው ይቁጠርና ያስላው።

አሁን ስለ አንዲት እናት ልንገራችሁ። ስም አላወጣላቸውም፤ ብዙ ናቸውና። በወር አንዴ ሁለቴ ይነሣባቸዋል፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ብሽሽታቸው ላይ ንፍፊት። ያኔ አረምም ጉልጓሎም ቀረ፣ ተኙ ማለት ነው። «መተት ረግጠው ነው» ይላል አንዱ፤ «የዘር እርግማን ነው» ይላል ሌላው። ልጃቸውን ለጋብቻ የሚጠይቅ ሽማግሌ ደጃፋቸውን አይረግጥም። ሰንበቴ ላይ ከዳር ነው የሚቀመጡት። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ፣ እሳቸው የቀሚሳቸውን ዘርፍ ወደ መሬት ሳብ አድርገው ከኋላ ይቆማሉ። የታመመው እግር ነው፤ የሚታጠበውም እግር ነው፤ የሚያሳፍረው ግን እሱን ማውጣቱ።

በዚህ መሐል ነው እንግዶቹ የመጡት። አይኦሲሲ የሚባል የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች በጎ አድራጎት ድርጅት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተ። ከእኛው ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ጋር እየተባበረ ጎጃም ውስጥ የዝሆኔ ሕክምናን ሥራዬ ብሎ ያዘ። በፈቃዳቸው ከባሕር ማዶ የመጡ ምእመናንም አብረው ተሰለፉ።

ሳፋ ቀረበ። ከቢጫ ጀሪካን ውሃ ተንቆረቆረ፤ በረኪና ጠብ ተደረገበት፣ በጣም ጥቂት፣ ቢበዛ ቆዳ ይልጣልና። አንዲት ወጣት ፈረንጅ እጅጌዋን ሰብስባ ተንበረከከች። እናትየው እግራቸውን መለስ አደረጉ።

«ኧረ በላት ልጄ፣ ትተወው! ይከረፋታል!» አሉ አስተርጓሚውን።

«እማማ፣ ለዚሁ ብላ ነው የመጣችው።»

እግሩ ሳፋው ውስጥ ገብቶ ሩብ ሰዓት ያህል ተዘፈዘፈ። ከዚያ ሳሙና። በጣቶቹ መካከል ያለው እጥፋት አንድ በአንድ ታጠበ፤ እርጥበት እዚያ ከቀረ ቁስል ይሆናልና በንጹሕ ጨርቅ ደረቀ። ቫዝሊን፣ ፋሻ፣ ካልሲ። ጎረቤት ሁሉ አጥሩ ሥር ቆሞ ያያል፤ እናትየው በጠጡበት ጣሳ ጠላ የማይጠጡትም አሉበት። የልጅቷ እጅ ሲነካቸው አዩ፤ ያ እጅ ግን አላበጠም።

አሽሟጣጭ መቼም አይጠፋም፤ «ፎቶ ሊነሡ ነው የመጡት» ይላል። ፎቶም ተነሥቷል፤ እኔም አልወደድኩትም። ግን ያን ቀን አጥሩ ሥር የተፈጸመውን ነገር ብዙ ስብከት ሳይፈጽመው ኖሯል፤ እዚህ ላይ ከአሽሟጣጩ ጋር አልስማማም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ፈረንጇ በሳምንቷ አገሯ ትገባለች፤ እግሩ ግን ነገም መታጠብ አለበት፣ ከነገ ወዲያም፣ በፋሲካም በአጨዳም። ውሃውን ከምንጭ የምትቀዳው ልጃቸው ናት፤ ሳሙናው የሚገዛው እንቁላል ተሽጦ ነው።

በየዕለቱ መታጠቡ ለውጥ እንደሚያመጣ ደግሞ በጎረቤት፣ ምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ፣ ታይቷል። 696 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የእግር እንክብካቤውን ወዲያው የጀመሩት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ተነሣባቸው፤ ተራ የጠበቁት 23.9 ጊዜ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ ለገበሬ ግን ከአልጋ የሚተርፍ ብዙ የሥራ ቀን ነው።

ጫማው ነው የቀረው። የቡሬ ገበያ ኮንጎ ጫማ ያበጠ እግር አያስገባም፤ ቢያስገባም ቀዳዳው አፈሩን አይከለክልም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ገባ፤ የበጎ ፈቃድ ተጓዥ እንደ ድሮው ደርሶ የሚመለስበት መንገድ ጠበበ። ስለዚህ እናንተ ባሕር ማዶ ያላችሁ ወገኖች «ምን እንላክ?» ስትሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ ጫማ አትላኩ። እዚያው ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላለ ጫማ ሰፊ ክፈሉት፤ ወረቀት አንጥፎ፣ ያበጠውን እግር ዙሪያውን በእርሳስ አስምሮ፣ ግራውን ለብቻ ቀኙን ለብቻ የሚሰፋው እሱ ነው።