የቀበሌ ቤት (ካዛንቺስ)

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ በቀበሌ በኩል በዝቅተኛ ኪራይ ለነዋሪ የተሰጠ መኖሪያ ነው። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስ፣ ድሃውን ከጎዳና ያተረፈው ከሁሉ በላይ ይኸው ቤት ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፤ በአንዲት ክፍል ወላጆች አልጋ ላይ፣ ልጆች ቆጥ ላይ፣ ደባሉ መሬት ላይ ይተኙ ነበር። ኪራዩ ግን ጥቂት ብር ስለነበረ፣ ታሞ ሥራ የፈታ ሰውም በቶሎ ሜዳ ላይ አይወድቅም ነበር፤ ጎረቤት ያበድረው፣ እድር ይደርስለት ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። ምትክ ቤት የተሰጠው በዋናነት ውል ላለው ተከራይ ነበር። አስቀድሞ ሊታሰብለት የሚገባው ደባል ግን ስሙ በውሉ ላይ ከሌለ መጠለያ የሚፈልገው በራሱ ሊሆን ይችላል፤ ያበድሩት የነበሩት ጎረቤቶችም ተበትነዋል።