የሰገራ ንቅለ ተከላ ታሪክና የልጆች የትልቁ አንጀት ቁስለት

የሰገራ ንቅለ ተከላ የሚባለው ሕክምና፣ ጤንነቱ በምርመራ ከተረጋገጠ ለጋሽ የተገኘን ሰገራ በጨው ውሃ በጥብጦና አጥልሎ ወደ ታማሚው አንጀት በማስገባት፣ በውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን በዚያ ተራብተው የተቃወሰውን ሚዛን እንዲመልሱ የሚደረግበት ዘዴ ነው። ዘዴው በሐኪሞች ዘንድ መነጋገሪያ የሆነው በቅርቡ ቢሆንም መነሻው ጥንታዊ ነው፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ቻይናዊው ጌ ሆንግ ለምግብ መመረዝና ለጽኑ ተቅማጥ የሰገራ ብጥብጥ መጠጣት እንደሚረዳ ጽፏል።

ዘዴው ወደ ዘመናዊ ሕክምና የገባው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። በዚያ ዓመት ቤን አይዝማን የተባለው አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪምና ባልደረቦቹ ከአንቲባዮቲክ በኋላ አንጀታቸው በብርቱ የተቆጣ 4 ሕሙማንን በዚህ መንገድ እንዳዳኑ አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በ2013 በሆላንድ በወጣ ጥናትም ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ ደጋግሞ ካጠቃቸው 16 ሕሙማን መካከል 13ቱ በመጀመሪያው ንቅለ ተከላ ሲድኑ፣ ቫንኮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 13 ሕሙማን የዳኑት 4 ነበሩ።

ይህ ውጤት ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ትልቁ አንጀት ቁስለት እንዲያዞሩ አደረገ፤ ይህም የአንጀቱ የውስጥ ሽፋን በየጊዜው እየተቆጣና እየቆሰለ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያስከትል ሥር የሰደደ በሽታ ነው። በዚያው በ2013 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 21 የሆኑ 10 ልጆችና ወጣቶች ለ5 ተከታታይ ቀናት ፈሳሹ በፊንጢጣ በኩል ተሰጣቸው። አንደኛው ፈሳሹን አምቆ መያዝ ስላልቻለ አቋረጠ፤ ከቀሩት 9 መካከል 7ቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲሻላቸው፣ ከእነዚሁ 3ቱ ከሕመሙ ምልክቶች ተላቀቁ። ይሁን እንጂ ጥናቱ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በአፍንጫ በገባ ቱቦ አንድ ጊዜ ብቻ ከተሰጣቸው 4 ልጆችም አንዱ እንኳ አልተሻለውም።

በክሎስትሪዲዮይድስና በአንጀት ቁስለት ላይ የታየው የውጤት ልዩነት ሰበብ የበሽታዎቹ ጠባይ ነው፤ በመጀመሪያው በሽታ ጠላቱ አንድ ባክቴሪያ ሲሆን፣ በቁስለቱ ግን የሰውነት መከላከያ ሥርዓት መዛባትና የዘር ውርስም ድርሻ አላቸው። አደጋም አልጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ከለጋሽ ሰገራ ተላልፎባቸው ከታመሙ 2 ሰዎች አንዱ መሞቱን አስታውቋል። መሥሪያ ቤቱ በ2022 እና በ2023 ያጸደቃቸው ከሰገራ የተዘጋጁ መድኃኒቶችም የክሎስትሪዲዮይድስን ማገርሸት ለመከላከል ለአዋቂዎች የተፈቀዱ ናቸው። ስለሆነም ለልጆች የአንጀት ቁስለት ይህ ዘዴ ቦታው የምርምር ክፍል እንጂ የቤት ጓዳ አይደለም።