በደረቅና በእርጥብ መካከል፦ ጀልባን ከሻጋታና ከብስባሴ ስለ መጠበቅ

ጀልባ በውኃ ላይ እንዲሄድ የተሠራ ዕቃ ስለ ሆነ፥ የሚያጠፋውም ውኃው እንደ ሆነ ብዙ ሰው ያስባል። የጥንት መርከቦች ታሪክ ሲመረመር ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ከባሕር ወለል በታች በጭቃ ተቀብሮ ከ300 ዓመት በላይ የኖረ መርከብ ቅርጹን ሳያጣ ወጥቷል፤ በምድረ በዳ በድንጋይ ጕድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ሌላ መርከብ ደግሞ ውኃ ላይ ሳይሆን በማረፊያው ሻግቶና በስብሶ ተገኝቷል። የዚህ ልዩነት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት፥ ከጣና፥ ከጊዛና ከስቶክሆልም የተገኙ ሦስት ምስክሮች ከዚህ ቀጥሎ በየተራ ይቀርባሉ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የሻጋታን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የሻጋታ ዘር ከትቢያ ይልቅ የደቀቀ ስለ ሆነ በነፋስ ተበትኖ በማናቸውም ስፍራ ይገኛል፤ ስለዚህ ዘሩን ከጀልባ ላይ ፈጽሞ ማራቅ አይቻልም፤ የሚቻለው እንዳይበቅል መከልከል ነው። ለመብቀል ምግብ፥ ሙቀትና እርጥበት ይሻል። ምግቡ እንጨቱ ራሱ፥ ወይም በላዩ ያረፈው አቧራና ቅባት ነው፤ ሙቀቱም በብዙ አገር አይታጣም። ስለዚህ ሰው በቀላሉ ሊገዛው የሚችለው እርጥበቱን ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ ያለው አየር ሊሸከመው ከሚችለው እንፋሎት ከመቶ 65 ወይም 70 እጅ በላይ ይዞ ብዙ ቀን ከቈየ፥ ሻጋታ በዕቃ ላይ መታየት ይጀምራል። እንጨትን ውስጥ ለውስጥ የሚበላው ሌላው የፈንገስ ወገን ደግሞ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውኃ ከደረቅ ክብደቱ ከመቶ 20 እጅ በታች ሲሆን ሊሠራ አይችልም። በሌላ በኩል ፈንገስ ያለ አየር ስለማይኖር፥ እንጨቱ በውኃ ፈጽሞ ተሞልቶ አየር ካጣ እንዲሁ ሊያጠፋው አይችልም። ከዚህ እንደሚታየው ደኅንነቱ ያለው በሁለቱ ጫፎች ነው፤ ይኸውም ፈጽሞ በደረቀው ወይም ፈጽሞ በራሰው ዘንድ ነው። ጥፋት የሚመጣው በመካከል ነው።

ይህን እውነት በመጻሕፍት ሳይሆን በሥራ ካወቁት መካከል የጣና ሐይቅ ሰዎች ይገኛሉ። በሐይቁ ዳርና በደሴቶቹ የሚኖረው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የሚሻገርበት ታንኳ ከደንገል የሚሠራ ነው፤ በዚህ ሙያ ከሁሉ ይልቅ የታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ደንገሉ ተቈርጦ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ በጥቅል በጥቅል ታስሮ፥ ጥቅሎቹም እርስ በርሳቸው ተጣምረው ታንኳ ይሆናሉ። የደንገል አገዳ ውስጡ እንደ ስፖንጅ የሳሳና አየር የሞላበት ስለ ሆነ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ነገር ግን ውሎ ሲያድር ውኃውን እየመጠጠ ይከብዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ሥራውን በፈጸመ ጊዜ ታንኳውን በውኃ ዳር አስሮ አይተወውም፤ ወደ የብስ አውጥቶ፥ ብዙውን ጊዜም አቁሞና አስደግፎ፥ ውኃው እንዲንጠፈጠፍና ነፋስና ፀሐይ እንዲያገኘው ያደርጋል። መሬት ላይ ተጋድሞ ቢቀር ከታች በኩል ያለው ጥቅል ሳይደርቅ ይቈይና ይበሰብሳል። እንዲህም ተጠብቆ የታንኳ ዕድሜ የሚቈጠረው በሳምንታትና በወራት እንጂ በዓመታት አይደለም። የማድረቁ ሥርዓት ቢቀር ግን ይህም አይገኝም ነበር።

ደንገል ከሚነገርለት ይልቅ ውኃን የሚታገሥ መሆኑን ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 አሳይቷል። «ራ» የተባለችው ጀልባው የተሠራችው ከጣና በተወሰደ ደንገል ሲሆን፥ የሠሯትም ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ጀልባዪቱ በግንቦት ወር ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሥታ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ስምንት ሳምንት ያህል ተጕዛለች። በመጨረሻ ተጓዦቹ ጥለዋት የወጡት የኋላ ክፍሏ ውኃ እየያዘ ስለ ዘቀጠና ጥቅሎቹ ስለ ተፈቱ ነው። ስለዚህ የጕዞው ፍጻሜ ከአሠራሩና ከማሰሪያው ጋር የተያያዘ እንጂ ደንገሉ በጥቂት ቀን በስብሶ ያመጣው አልነበረም።

ከጣና የሚፈልቀው የዓባይ ወንዝ በሚያልፍበት በግብፅ ምድር ደግሞ ከዚህ የበለጠ ግልጥ የሆነ ምስክር አለ። ከ4,500 ዓመት በፊት ገደማ ንጉሥ ኩፉ በጊዛ ካሠራው ታላቅ ፒራሚድ በስተ ደቡብ፥ በዐለት ውስጥ የተፈለፈሉ ሁለት ጕድጓዶች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ በእያንዳንዱም ከሊባኖስ ዝግባ የተሠራ መርከብ ተፈታትቶ ተቀምጦ ነበር። ንጉሡ አንድ፥ እንጨቱ አንድ፥ ስፍራውም አንድ ነው፤ የሁለቱ መርከቦች ዕድል ግን አንድ አልሆነም።

የመጀመሪያው ጕድጓድ በ1954 በካማል ኤል መላክ ሥራ ተገኘ። በ41 ታላላቅ የድንጋይ ክዳኖች ተሸፍኖ፥ በክዳኖቹም መካከል ያለው ክፍተት በጀሶ ተደፍኖ ነበርና፥ ውኃም ነፍሳትም አልገቡበትም። በውስጡ የተገኙት 1,224 ቁርጥራጮች እጅግ ጤናማ ስለ ነበሩ፥ አሕመድ ዩሱፍ ሙስጠፋ የተባለው የጥገና ባለሙያ ከ10 ዓመት በላይ ደክሞ 43 ሜትር ከግማሽ ያህል ርዝመት ያለውን መርከብ መልሶ ለማቆም ችሏል።

ሁለተኛውም ጕድጓድ እንዲሁ ተዘግቶ የኖረ መስሎ ነበር። በ1987 ሊቃውንት ክዳኑን በጥንቃቄ በስተው፥ የውጭው አየር እንዳይቀላቀል በልዩ መሣሪያ ከልክለው፥ የፈርዖንን ዘመን አየር ለመቅዳት ተስፋ አደረጉ። ያገኙት ግን ጥንታዊ አየር አልነበረም፤ ወደ ውስጥ የላኩትም ካሜራ በሕይወት ያለ ጥንዚዛ አሳያቸው። መዝጊያው ላልቶ ነበር ማለት ነው። በሳኩጂ ዮሺሙራ የሚመራው የዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ የጃፓን ቡድን ከ1992 ጀምሮ ባደረገው ምርመራ ውኃና ነፍሳት ወደ ጕድጓዱ መግባታቸው ታወቀ። የመጀመሪያው ክዳን በ2011 ተነሥቶ እንጨቱ በቀረበ ጊዜም ብዙው ክፍል በእርጥበትና በፈንገስ ተጎድቶ ለስልሶ ተገኘ። ከ1,600 የሚበልጡት ቁርጥራጮች የወጡት፥ በጕድጓዱ ላይ በተሠራ መጠለያ ውስጥ አየሩ እየተመጠነ፥ እያንዳንዱም ቁራጭ በስፍራው እየተጠናከረ በብዙ ዓመት ድካም ነው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት መዝጋት ብቻውን መጠበቅ አለመሆኑ ነው። ፍጹም የሆነ መዝጊያ ደረቁን በደረቅነቱ ያቈያል፤ ጕድለት ያለበት መዝጊያ ግን ውኃውን አስገብቶ ነፋሱን ይከለክላል። ሁለተኛው መርከብ በሜዳ ላይ ተጥሎ ቢሆን ፀሐይና ሰው ያጠፉት ነበር፤ በላላ ክዳን ሥር በመቀመጡ ግን ሻጋታ አጠፋው።

የሦስተኛው ምስክር ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። «ቫሳ» የተባለው የስዊድን ንጉሥ የጦር መርከብ ነሐሴ 10 ቀን 1628 ለመጀመሪያ ጊዜ ሸራውን ዘርግቶ ሲወጣ በስቶክሆልም ወደብ ሰጠመ። ከ333 ዓመት በኋላ፥ ሚያዝያ 24 ቀን 1961፥ አካሉ በአብዛኛው ሙሉ ሆኖ ከውኃ ወጣ። እንዲህ የቈየበት ምክንያት የባልቲክ ባሕር ጨው አነስተኛ ስለ ሆነ እንጨት የሚበሳው የባሕር ትል ስለማይኖርበት፥ ደግሞም በወደቡ ጥልቅ ጭቃ ውስጥ አየር ስላልነበረ ነው። አደጋው የጀመረው መርከቡ ወደ አየር በወጣበት ቀን ነው። ፈጥኖ ቢደርቅ እንጨቱ ይኰማተርና ይሰነጣጠቅ ነበር፤ እርጥብ ሆኖ በአየር ውስጥ ቢተው ደግሞ ፈንገስ ይበላው ነበር። ስለዚህ ሠራተኞቹ ከ1962 እስከ 1979 ድረስ ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የሚባለውን ሰም መሰል ንጥረ ነገር በውኃ በጥብጠው ረጩበት፤ ሻጋታና ፈንገስ እንዳይበቅልም ቦሪክ አሲድና ቦራክስ ጨመሩበት። ከዚያ በኋላ ማድረቁ በዝግታ ተካሄደ። ይህም ሁሉ ሆኖ፥ በ2000 ዝናባማ በጋ የቤተ መዘክሩ አየር ስለ ረጠበ በእንጨቱ ላይ አሲድነት ያለው ጨው ወጥቶ ታየ፤ ከዚህም የተነሣ የአየር መቈጣጠሪያው ታድሷል።

እነዚህ ሦስት ምስክሮች ለተራ ጀልባ ባለቤትም የሚጠቅም ምክር ይሰጣሉ። በብርድ አገር ለክረምት ወደ የብስ የሚወጣ ጀልባ በሸራ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ቀን የሞቀው አየር ከውስጥ እርጥበት ይሰበስባል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝም ያንኑ በጠልነት በሸራውና በግድግዳው ላይ መልሶ ያፈሰዋል። ስለዚህ ጥንቃቄው የሚጀምረው ከመሸፈን ሳይሆን ከማድረቅ ነው፤ ከወለሉ በታች የተጠራቀመው ውኃ ይቀዳል፥ ጨውና ቅባቱ ይታጠባል፥ ፍራሽና ገመድ ይወጣል፥ ሣጥኖች ይከፈታሉ፤ ሸራውም ከፊትና ከኋላ ነፋስ እንዲያስተላልፍ ተደርጎ ይወጠራል።

ሻጋታ አስቀድሞ ከታየም በተመሳሳይ ሥርዓት ይሠራል። አስቀድሞ የእርጥበቱ ምንጭ ይደፈናል፤ ቀጥሎ ጀልባው ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ሻጋታው በለስላሳ ብሩሽና ዱቄቱን በሚያስቀር ጥሩ ማጣሪያ ባለው መምጠጫ ይወሰዳል፤ ሠራተኛውም ዱቄቱን እንዳይስብ አፍንጫውንና አፉን ይሸፍናል። ብዙዎች እንደሚያደርጉት ባልተቀባ እንጨት ላይ በረኪና ማፍሰስ የላዩን ቀለም ያነጣል እንጂ ሥሩን አያጠፋም፤ ውኃው ወደ ውስጥ ዘልቆ ሻጋታው የሚፈልገውን እርጥበት ይጨምርለታልና። እርጥበቱ ሳይቀር የተጸዳ ጀልባ ዳግመኛ ይሻግታል።

የኩፉ የመጀመሪያው መርከብ በ2021 ወደ ታላቁ የግብፅ ቤተ መዘክር ተዛውሯል፤ ቫሳም ከ1990 ጀምሮ የራሱ ቤተ መዘክር አለው። የጣና ታንኳ ግን በባሕርዩ ለዘመናት ሊቀመጥ የሚችል ዕቃ አይደለም፤ ዕድሜው አጭር ስለ ሆነ በየጊዜው አዲስ መሠራት አለበት። ስለዚህ ከዘመን ወደ ዘመን ያሻገረው ዕቃው ሳይሆን ሙያው ነው፤ ደንገሉን መምረጥ፥ ማድረቅ፥ ማሰርና ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ ማቆም ነው። የሞተር ጀልባ በሐይቁ ላይ እየበዛ ሄዷል፤ ከ2011 ጀምሮም እምቦጭ የተባለው አረም የሐይቁን ዳርቻ ወሯል። አንድ ታንኳ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ከሻጋታ መጠበቅ ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ሣጥኑ ሙያውን አይጠብቅም። የግብፅና የስዊድን ሊቃውንት በብዙ ወጪና ድካም የተማሩትን፥ የጣና ሰው ከአባቱ ተምሮ ዕለት ዕለት ይሠራበታል። እንዲህ ያለው ዕውቀት ከባለቤቶቹ አፍ እየተሰማ፥ ሥራውም እየታየ፥ በሚገባ ሊመዘገብ ያስፈልጋል።