ችሎት የያዙ ባልቴቶች

አንድ ችሎት በዓይነ ሕሊናችሁ ሣሉ። ሁለት ወጣቶች ፈንጂ ወረወራችሁ ተብለው ተከሰው ቆመዋል። ዳኛው ይናገራል፣ ዐቃቤ ሕጉ ይናገራል፣ ጠበቃው ይናገራል። በዚህ መሃል በሩ ተበርግዶ መጥረጊያና ጃንጥላ የያዙ ባልቴቶች ግር ብለው ይገባሉ። የተከሳሾቹ አያቶችና የአያቶቹ ጓደኞች ናቸው። ልጆቹን አስጥለው ይዘዋቸው የሚሄዱ ይመስላችኋል። እነሱ ግን ችሎቱን ያዙት። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ዳኛውን ዳኙት፣ ዐቃቤ ሕጉን ዳኙት፣ ሞትም ፈረዱባቸው። ከዚያ ወደ ገዛ የልጅ ልጆቻቸው ዞሩ።

ይህ የጃፓናዊው ጸሐፌ ተውኔት የኩኒዮ ሺሚዙ ሥራ ነው። ርዕሱ ወደኛ ሲመለስ «ቁራዎች ሆይ፣ እኛ ጥይት እናጎርሳለን» እንደማለት ነው። ቶኪዮ ውስጥ መድረክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን አዘጋጁ ገና በሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ የነበረው ዩኪዮ ኒናጋዋ ነበር። ዘመኑን አስታውሱ። የጃፓን ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪ ዐመፅ ታምሰው ገና አልተረጋጉም። እኛም ዘንድ ያኔ «መሬት ለአራሹ» የሚሉ ተማሪዎች ነበሩ። ባልቴቶቹን ሆነው የተወኑት ታዲያ ወጣቶች ናቸው። ጀርባቸውን አጉብጠው፣ ድምፃቸውን አጎርንነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለአፍታ ወደ ራሴ ልመለስ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በቴአትር ክበብ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ሆኜ ተውኛለሁ። የጥጥ ጢም፣ ዱቄት የተነፋበት ፀጉር፣ ከዘራ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ፤ የምታውቁት ነው። አንድ ቀን አያቴ መጥተው አዩኝ። ያኔ 76 ዓመታቸው ነበር፤ ከታክሲው ወርደው ዳገቱን በእግራቸው ነው የወጡት። ተመልካቹ በሳቅ ሲፈነዳ እሳቸው አልሳቁም። ሲያልቅ «እንዲህ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ የት አየህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ያየሁት ሌላ ቴአትር ላይ ነበር።

ስለ ኒናጋዋ ሳነብ የያዘኝ ይኸው ነገር ነው። ሰውየው ያንኑ የባልቴቶች ተውኔት ከ35 ዓመት በኋላ እንደገና ሲያነሳ በዚህኛው ጊዜ ባልቴቶቹ እውነተኛ ነበሩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኒናጋዋ በወጣትነቱ የጎዳና ዐመፅን መድረክ ላይ ያመጣ ሰው ቢሆንም በኋላ በዓለም የታወቀው በግሪኮቹና በሼክስፒር ሥራዎች ነው። «ማክቤዝ»ን በትልቅ የቡድሂስት የቤት መሠዊያ ውስጥ፣ የቼሪ አበባ እየረገፈ አሳይቷል። «ሜዲያ»ን አቴንስ ድረስ ወስዷል። ቁጡ ነው። ልምምድ ላይ በተዋናዮች አቅጣጫ የሲጋራ መተርኮሻ ይወረውር ነበር ሲባል ሐሜት አይደለም፣ ጃፓን ውስጥ ስሙ ከተነሳ መተርኮሻውም አብሮ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከቶኪዮ በስተሰሜን ያለው የሳይታማ የኪነ ጥበብ ቴአትር ቤት ጥበባዊ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። እዚያ ካደረጋቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ማስታወቂያ ማውጣት ነበር፤ ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለተዋናይነት ይፈለጋሉ የሚል።

ከ1200 በላይ ሰው አመለከተ። ተፈትነው ያለፉት 48 ናቸው፤ ትንሹ 55፣ ትልቁ 80 ዓመት። የቤት እመቤቶች፣ ከኩባንያ በጡረታ የወጡ ሠራተኞች፣ አስተማሪ የነበሩ። አብዛኞቹ መድረክ ረግጠው አያውቁም። ቡድኑ «ሳይታማ ጎልድ ቴአትር» ተባለ።

ጊዜው በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስለኝም። ያኔ ከአምስት ጃፓናዊ አንዱ 65 ዓመት አልፎታል። ከጦርነቱ ማግስት፣ ከ1947 እስከ 1949 ባሉት ዓመታት በገፍ የተወለደው ትውልድ 60 ዓመቱን ሊደፍን አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር። ሥራ ብቻ ሲያውቅ የኖረ ሕዝብ ቤት ውስጥ ምን ሊያደርግ ነው የሚለው ጥያቄ በየጋዜጣው ይነሳል። ስለዚህ ብዙ ሰው ጎልድ ቴአትርን የጡረተኞች መዝናኛ አድርጎ ማየቱ አይደንቅም። ኒናጋዋ የፈለገው ግን ሌላ ነበር። የኖረ ሰው የኖረበትን መነሻ አድርጎ፣ በሰውነቱ እየተናገረ፣ ገና የማያውቀውን ራሱን የሚያገኝበት ቦታ ይሁን ነው ያለው። ትኬት ተሽጦ የሚታይ፣ ሃያሲ የሚተቸው ሥራ እንዲሆን ፈለገ።

ይህን ለመረዳት ከእሱ በፊት የነበረውን መንገድ ማየት ይጠቅማል። እስከ 1960ዎቹ ድረስ በምዕራቡ ዓለም በአረጋውያን እንክብካቤ ውስጥ ብዙ ባለሙያዎች ያለፈን ነገር ደጋግሞ ማውራትን የመጃጀት ምልክት ያደርጉት ነበር። «ያለፈውን ተወው፣ ዛሬ ላይ አተኩር» ነበር ምክሩ። (ለኛ ይህ ግር ይላል። ትዝታ ብለን ቅኝት ያወጣን ሰዎች ነንና።) አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት በትለር በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ገለበጠው። አዛውንት ሰው ወደ ኋላ የሚመለከተው ስለጃጀ ሳይሆን ሞት ሲቀርብ ሕይወቱን የሚመረምርበት ተፈጥሯዊ ሥራ ስላለው ነው አለ። ሰውን በዕድሜው ብቻ መናቅ እንደ ዘረኝነት ያለ የራሱ ስም እንዲኖረው በ1969 በእንግሊዝኛ ቃሉን የፈጠረውም እሱ ነው።

የበትለርን ሐሳብ ወደ መድረክ ካመጡት መካከል እንግሊዛዊቷ ፓም ሽዋይትዘር ትጠቀሳለች። በ1983 ለንደን ላይ «ኤጅ ኤክስቼንጅ» የተባለ ድርጅት መሠረተች። ከአዛውንቶች ጋር ቁጭ ብለው ያወራሉ፣ የሰሙትን ወደ ተውኔት ይቀይራሉ፣ ተዋናዮቹ መልሰው በአረጋውያን ማኅበራትና መጦሪያዎች እየዞሩ ያሳያሉ። ስለ ጦርነቱ ዓመታት፣ ስለ ፋብሪካ ሥራ፣ ስለ ልጅነት ሰፈር። የትዝታ ቴአትር ልንለው እንችላለን። ትልቅ ሥራ ነው፣ አላሳንሰውም። መጀመሪያ አካባቢ ግን ባለታሪኩ አዛውንት፣ ተዋናዩ ሌላ ሰው ነበር። አዛውንቶቹ ራሳቸው መድረክ የወጡት ኋላ ላይ ነው።

ኒናጋዋ ከዚህ አንድ እርምጃ ያልፋል። አዛውንቶቹን «ታሪካችሁን ንገሩኝና ልጆች ይተውኑት» አላላቸውም። የራሳቸውን ትዝታ ብቻ እንዲተውኑም አልፈለገም። በ2007 የመጀመሪያው ሙሉ ዝግጅታቸው የታወቀው ጸሐፌ ተውኔት ሪዮ ኢዋማትሱ ለእነሱ የጻፈው አዲስ ተውኔት ነበር። ከዚያም በኋላ ስም ያላቸው ጸሐፊዎች ጻፉላቸው። አዛውንት ተዋናይ አሳዛኝም፣ ክፉም፣ አፍቃሪም፣ ገዳይም ሆኖ እንዲቆም ነው። እኛ አገር መድረክ ላይ ሽማግሌ ብዙውን ጊዜ ወይ ይመርቃል ወይ ያስቃል፤ ሦስተኛ ነገር እምብዛም አይሰጠውም።

እንዲህ ያለ ቡድን ማስተዳደር ምን ይመስላል? ከሁሉ በፊት ያለው ችግር ቃል መያዝ ነው። በ70 ዓመት አዲስ ቃለ ተውኔት ማጥናት በ25 ዓመት እንደማጥናት አይደለም። ጎልድ ቴአትር መፍትሔውን አልደበቀም፤ ቃል የሚያስታውሱ ሰዎች ተመደቡ፣ ተዋናዩ ሲጠፋበት ይነገረዋል፣ ይቀጥላል። ይህን እንደ ጉድለት የሚያይ ተመልካች ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ቃሉን የሚፈልግ የ75 ዓመት ሰው ፊት፣ ቃሉን በሚገባ ሸምድዶ እንደ ውሃ ከሚያወርድ የ25 ዓመት ተዋናይ የበለጠ ነገር ያለበት ይመስለኛል። ሌላው ችግር ቤት ነው። አባላቱ ራሳቸው የታመመ ባል፣ የአልጋ ቁራኛ የሆነች እናት የሚያስታምሙ ሰዎች ናቸው። ከልምምድ የሚቀሩት በስንፍና አይደለም። ሦስተኛውን መናገር አያስፈልግም፤ ከመካከላቸው የሚታመም አለ፣ የሚሞት አለ፣ የሞተው ሰው ቦታ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ልምምድ ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል።

መተርኮሻ ወርዋሪው አዘጋጅ ግን አላባበላቸውም። እንደ ሌሎቹ ተዋናዮች ጮኸባቸው። እኛ ዘንድ ታላቅን መጮህ ነውር ነው፣ ጃፓን ዘንድም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ታላቅን ከማክበር ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ ነገር አለ፦ ከእሱ ምንም አለመጠበቅ። «እርስዎ አይድከሙ፣ ይቀመጡ» የምንለው በአክብሮት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ማንም ሐሳባቸውን አይጠይቃቸውም። በአገራችን የመንግሥት ቴአትር ቤት ተዋናይ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። ሥራው ፋይል መያዝ ቢሆን ይገባኛል። ሥራው ሰውን መሆን ሲሆን ግን፣ ሰው መሆንን ይበልጥ ባወቀበት ዕድሜ ወደ ቤት ይሸኛል፤ የእሱን ዕድሜ ደግሞ የጥጥ ጢም የለጠፈ ልጅ ይተውናል። ሳይታማ በ55 ይጀምራል፣ እኛ በ60 እንጨርሳለን።

ወደ ባልቴቶቹ እንመለስ። ጎልድ ቴአትር የሺሚዙን ተውኔት ገና በተመሠረተበት በ2006 ሞከረው፤ በ2013 ደግሞ ፓሪስ ይዞት ሄደ። ልብ በሉ፣ በ1971 ዐመፀኛ ወጣቶች የነበሩት አሁን የባልቴቶቹ ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። ያኔ ከተከሳሹ ወገን ነበሩ፤ አሁን የመጥረጊያውና የጃንጥላው ወገን ሆነዋል። በተውኔቱ መጨረሻ ፖሊስ ችሎቱን ሰብሮ ገብቶ ሲተኩስ ባልቴቶቹ በነበሩበት ቦታ ወጣቶች ይታያሉ። በ1971 ይህ የመድረክ ብልሃት ነበር። በ2013 ግን መድረክ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ የራሱን ወጣትነት ወድቆ ያየ ነው። ይህን ሳስብ «ያ ትውልድ» የምንለው የኛው ትውልድ ይመጣብኛል። የተረፉት ዛሬ አያቶች ናቸው። መጽሐፍ ጽፈዋል፣ ቃለ መጠይቅ ሰጥተዋል፣ ተከራክረዋል። በራሳቸው ሰውነት መድረክ ላይ ቆመው ልጆቻቸውን ቢዳኙ፣ ወይም ቢዳኙ ኖሮ የሚፈርዱት ፍርድ ምን ይሆን ነበር?

ኒናጋዋ በ2014 ከዚሁ ተውኔት ጋር ሆንግ ኮንግ ሄዶ ሳለ በጠና ታመመ። ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር፣ በአፍንጫው ኦክስጅን ተገጥሞለት ነበር የሚያዘጋጀው። ከተዋናዮቹ የባሰ አዛውንት ሆነ። ግንቦት 12 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. በ80 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ እሱ ያቀደው ትልቅ ዝግጅት በሳይታማ ሱፐር አሬና ያለ እሱ ተካሄደ፤ 1600 ገደማ አዛውንቶች በሮሚዮና ጁልዬት ላይ የተመሠረተ ሥራ አሳዩ። ይህ ለዜና ጥሩ ነው፣ እኔን ግን አያጓጓኝም። 1600 ሰው በአንድ ላይ ሲቆም ቁጥሩ ይታያል፣ ፊቱ ይጠፋል። የጎልድ ቴአትር ጉዳይ ደግሞ ፊቱ ነበር።

ቡድኑ ከመሥራቹ ሞት በኋላ አምስት ዓመት ቆየ። ዕድሜ ራሱ ተጫነው፤ ብዙዎቹ አባላት 80 አልፈዋል። ኮሮና ሲመጣ ደግሞ ለእነሱ መሰባሰብ ራሱ የሞት ጉዳይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 የመጨረሻውን አሳይተው ተበተኑ። በአዳዲስ የ55 ዓመት ሰዎች እያደሱ ማስቀጠል ይቻል ነበር ባይ ነኝ። አንድ ትልቅ ሰው የጀመረው ነገር ከሰውየው ጋር ሲያበቃ እኛም የምናውቀው በሽታ ነው። በሌላ በኩል፣ 15 ዓመት አብሮ ያረጀ ቡድንን በአዲስ ሰው መተካት ቡድኑን ማቆየት ነው ወይስ ስሙን ብቻ? በዚህ ላይ እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም።

ለመሰናበቻ የመረጡት ተውኔት የሾጎ ኦታ «የውሃ ጣቢያ» ነው፤ በ1981 የተሠራ። ቃል የለበትም። መድረኩ ላይ ውሃ በቀጭኑ የሚፈስበት ቧንቧ አለ። ሰዎች ከአንድ ወገን እጅግ ቀስ ብለው እየተራመዱ ይመጣሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይተያያሉ፣ በሌላው ወገን ይሄዳሉ። 15 ዓመት ሙሉ ቃል ሲጠፋባቸው፣ ሲነገራቸውና ሲቀጥሉ የኖሩት ተዋናዮች በዚያ ምሽት ማንም እንዲያስታውሳቸው አላስፈለጋቸውም።