ሳይጠየቁ የተጠኑ ሰዎች፦ ከኑረምበርግ እስከ ኢንተርኔት

በ1947 እ.ኤ.አ. በናዚ ሐኪሞች ላይ የፈረደው የኑረምበርግ ችሎት አሥር ነጥቦች ያሉት ደንብ በፍርዱ ውስጥ አሰፈረ። የመጀመሪያው ነጥብ ማንም ሰው ያለ ፈቃዱ የምርምር ተሳታፊ እንዳይሆን ይደነግጋል። የዓለም የሐኪሞች ማኅበር በ1964 ያወጣው የሄልሲንኪ መግለጫም የሐኪሞች ምርምር የሚመራበትን ሥነ ምግባር ወሰነ። በሁለቱም ሰነዶች ዘመን ተመራማሪውና የሚጠናው ሰው በአብዛኛው ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር። መተያየት ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ግን ከ1932 እስከ 1972 በቱስኬጊ የቂጥኝ ሕሙማን የሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን ሕክምና ተነፍጓቸው መጠናታቸው በቂ ምስክር ነው።

ኢንተርኔት መተያየቱን ጨርሶ አስቀረው። በጃንዋሪ 2012 ፌስቡክ በ689,003 ተጠቃሚዎቹ ላይ ለአንድ ሳምንት ሙከራ አካሄደ። ለአንዳንዶቹ ከወዳጆቻቸው የሚደርሷቸው የደስታ ቃላት ያሉባቸው መልእክቶች እንዲቀንሱ፣ ለሌሎቹ ደግሞ የሐዘን ቃላት ያሉባቸው እንዲቀንሱ ተደረገ። የደስታ መልእክት የቀነሰባቸው ሰዎች ራሳቸው በሚጽፉት ውስጥ የደስታ ቃል በጥቂቱ አነሰ፤ የሐዘን ቃል በዛ። ውጤቱ በጁን 2014 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት ታተመ። ሕዝቡም ስለ ሙከራው የሰማው ያን ጊዜ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

አጥኚዎቹ ስለ ፈቃድ የሰጡት መልስ፣ ተጠቃሚው ገጹን ሲከፍት የተስማማበት የመረጃ አጠቃቀም ደንብ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል የሚል ነበር። ይህ መልስ ለሐኪም የሚዋጥ አይደለም። በአገራችን ቤት ለቤት ለመጠይቅ የሚሄድ መረጃ ሰብሳቢ እንኳ የጥናቱን ዓላማ አስረድቶ፣ «አልፈልግም» ማለት እንደሚቻል ተናግሮ ይጀምራል። ሳይነበብ የሚታለፍ ረጅም ውል ግን ዓላማውንም ሆነ የመውጫ በሩን አይገልጽም። ደግሞም በጊዜው እንደተዘገበው፣ «ምርምር» የሚለው ቃል በደንቡ ውስጥ የገባው ሙከራው ካለቀ ከአራት ወር በኋላ ነው።

ውጤቱ እጅግ ጥቃቅን ነው፤ ስለዚህ ማንም አልተጎዳም የሚሉ ነበሩ። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው አይከተልም፤ አማካይ ቁጥር የአንድን ሕመምተኛ ሁኔታ አይናገርምና። ተሳታፊዎቹ የተመረጡት በዕጣ ሲሆን፣ በድብርት የሚሠቃዩትን ለይቶ ለማስቀረት ስለተደረገ ጥንቃቄ በታተመው ጽሑፍ ውስጥ አንድም ቃል የለም።

የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ገምጋሚ አካል ሙከራውን ያካሄደው ፌስቡክ ለራሱ ጉዳይ ስለሆነ ጥናቱ በእኔ ሥልጣን ሥር አይወድቅም ብሎ ነበር። በጁላይ 2014 መጽሔቱ ባወጣው የሥጋት ማስታወሻ፣ ኩባንያው የግል ድርጅት በመሆኑ በመንግሥት የምርምር ደንብ የመገዛት ግዴታ እንደሌለበት ገለጸ፤ ሆኖም አሠራሩ ፈቃድ ከማግኘትና ተሳታፊው እንዲወጣ ከመፍቀድ መርሕ ጋር ሙሉ በሙሉ ላይስማማ እንደሚችል አመለከተ። ጽሑፉ ግን አልተሰረዘም።